ንጉሠ ነገሥት ያለ ነገሥታት

ባሕር ዳር ውስጥ «ንጉሡ» ሲባል ማን እንደሆነ ለመረዳት አስቀድሞ ተናጋሪውን ማወቅ ያስፈልጋል። ከደብረ ማርቆስ ወይም ከቢቸና መጥተው እዚህ የከረሙ አዛውንት «በንጉሡ ዘመን» ብለው ወሬ ከጀመሩ፣ ብዙ ጊዜ የሚያወሩት ከአባቶቻቸው ስለሰሙት ስለ ጎጃሙ ንጉሥ ስለ ተክለ ሃይማኖት ነው። ወደ ቤዛዊት ኮረብታ እየጠቆመ «የንጉሡ ቤተ መንግሥት» የሚለው የከተማው ልጅ ደግሞ ዓባይን ቁልቁል የሚያየውን ግቢ ያሠሩትን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ማለቱ ነው። ሚያዝያ 23 ቀን ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው ወደ ጊዮርጊስ የሚጎርፉት ምእመናን «ዛሬ ንግሥ ነው» ሲሉ ግን የሚያስቡት በዙፋን ስለተቀመጠ ሰው አይደለም፤ የነገሠው ታቦቱ ነው። አንዱ አጠራር የአንድ አገር ገዥን፣ ሌላው የአገሩን ሁሉ የበላይ፣ ሦስተኛው ከሁሉም በላይ ያለውን ያመለክታል፤ ሦስቱም ግን ከአንድ ግንድ የበቀሉ ናቸው።

ስለዚህ ማዕረግ ልጽፍ ያነሣሣኝ፣ በዛሬው ንግግራችንና ጽሑፋችን የቀድሞ ገዥዎች ሁሉ ያለ ልዩነት ወይ «ንጉሥ» ወይ «ዐፄ» እየተባሉ መጠራታቸው ነው። አንድ ሰው በራስነት፣ በንጉሥነትና በንጉሠ ነገሥትነት ያሳለፋቸው ዘመናት በአንድ ስም ሲጠቀለሉ፣ የጠፋው የአክብሮት ቃል ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል። እኔ ግን የሚጠፋው የታሪኩ ዋና ክፍል ነው ብዬ አምናለሁ። በአገራችን ንጉሥነት ማን ሰጠው፣ ማን ተቀበለው፣ በየትኛው ምድር ላይ፣ በማንስ ፈቃድ ለሚሉት ጥያቄዎች መልስ የያዘ ማዕረግ ነበር። «ንጉሠ ነገሥት» ደግሞ ከስሙ እንደሚታየው በሥሩ ነገሥታት እንዲኖሩ የሚጠይቅ ነው፤ ነገሥታቱ ሲጠፉ ምን እንደሚሆን የአንድ መቶ ዓመት ታሪካችን አሳይቶናል።

በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአክሱም የነገሡት ዒዛና በድንጋይ ላይ ባስቀረጿቸው ጽሑፎች ራሳቸውን የአክሱም፣ የሐሜር፣ የረይዳን፣ የሳባ፣ የሰልሔን፣ የጽያሞ፣ የብጋና የካሱ ንጉሥ፣ ደግሞም ንጉሠ ነገሥት ብለው ይጠራሉ። ከእነዚህ ስሞች አራቱ ከቀይ ባሕር ማዶ፣ ከየመን ምድር ናቸው፤ ዒዛና ግን እነዚያን አገሮች በእርግጥ በእጃቸው አድርገው ይገዙ ነበር ለማለት አይቻልም። እንግዲህ ማዕረጉ ገና ከጥንት ጀምሮ ሁለት ጠባይ ነበረው ማለት ነው፤ ያለውን ይመዘግባል፣ የሚመኙትንም ይጠይቃል። ይህ ሁለተኛው ጠባይ ወደ ታች እንደምናየው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጎጃምንና ሸዋን በጦር ሜዳ አገናኝቷል።

የማዕረጉ ዝና ከአገር ወጥቶም የራሱን ጉዞ ሄዷል። እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች ከመካ ስደት ሸሽተው ወደ አክሱም በመጡ ጊዜ የተቀበሏቸውን ንጉሥ ዓረቦቹ «ነጃሺ» አሏቸው። ነጃሺ የእኛው «ነጋሢ» ነው። በእስልምና ትውፊት የንጉሡ የግል ስም አስሐማ ቢሆንም፣ ሙስሊም ወገኖቻችን እስከ ዛሬ በፍቅር የሚጠሯቸው በማዕረጋቸው ነው፤ ከዚያ በኋላ የጻፉ የዓረብ ጸሐፊዎችም የሐበሻን ገዥ ሁሉ ነጃሺ ይሉ ነበር። ትግራይ ውስጥ ያለችው የነጋሽ መንደርም በዚሁ ስም ትታወቃለች። ስደተኛን ተቀብሎ አሳልፎ ባለመስጠት ምክንያት አንድ የሹመት ስም እንዲህ የተወደደ መጠሪያ መሆኑን ሳስብ፣ ማዕረግን የሚያከብረው የተሸከመው ሰው ሥራ እንደሆነ ይሰማኛል።

በመካከለኛው ዘመን «ነጋሽ» ለታላላቅ የግዛት ገዥዎችም ይሰጥ ነበር። ከመረብ ማዶ እስከ ቀይ ባሕር ያለውን አገር የሚያስተዳድረው ሹም «ባሕር ነጋሽ» ይባል ነበር፤ የእኛው ክፍለ ሀገር ገዥም «ጎጃም ነጋሽ» ይባል ነበር። እነዚህ ዘውድ የሚደፉ ነገሥታት ባይሆኑም፣ መንገሥ ደረጃ ደረጃ ያለው ነገር እንደነበር ያሳያሉ። ላይኛው አንድ ሲሆን ከሥሩ ያሉት በየምድራቸው ይነግሡ ነበር።

የላይኛውን ደረጃ በቅርብ ለማየት ለጣና ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ዳጋ እስጢፋኖስ የዐፄ ዳዊትን፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብንና የዐፄ ፋሲልን አፅም በክብር ይጠብቃል። በጀልባ ተሻግሬ፣ ጥላ ያለበትን አቀበት ወጥቼ ዕቃ ቤቱን ባየሁ ጊዜ አስጎብኚው አባት እያንዳንዳቸውን ከነሙሉ ስማቸው እየጠሩ ነበር የሚያሳዩት። «አባቴ፣ ዘርዐ ያዕቆብ ብቻ ቢባሉ አይበቃም?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ስመ መንግሥታቸውን ካልጠራን ሰውየውን እንጂ ንጉሡን አላሰብንም» አሉኝ። ዘርዐ ያዕቆብ ሲነግሡ ቈስጠንጢኖስ፣ ፋሲል ሲነግሡ ዓለም ሰገድ፣ የልጅ ልጃቸው ኢያሱ ደግሞ አድያም ሰገድ ተብለዋል። በእናትና በአባት የወጣ ስም የልጅነት ነበር፤ ዘውድ ሲደፋ ሌላ ስም ይሰጣል፤ ቅብዐ መንግሥት የተቀባ ሰው እንደ አዲስ የተወለደ ያህል ይቆጠራል።

ከዚህ የሚከተል ከባድ ነገር አለ። ሹመት ይሻራል፣ ቅብዐት ግን አይታጠብም። ቀዳማዊ ኢያሱ ዙፋኑን በሕይወት ሳሉ ካጡና ልጃቸው ተክለ ሃይማኖት ከነገሡ በኋላ፣ በ1699 ዓ.ም. እዚሁ ጣና ውስጥ ባለ ደሴት ላይ ተገደሉ። ገዳዮቹን ያነሣሣቸውን ምክንያት ሁሉ መዘርዘር የዚህ ጽሑፍ ፈንታ አይደለም፤ አንዱ ግን ግልጽ ይመስለኛል። በሕይወት ያለ የተቀባ ንጉሥ፣ ደሴት ላይ ቢመንንም፣ ንጉሥ መሆኑን አያቆምም። የንጉሣዊ ዘር ልጆች በወህኒ አምባ እየተጠበቁ መኖራቸውም ከዚሁ ፍርሃት የመጣ ነው። ገና ያልነገሠውን እንዲህ ከፈሩ፣ አንድ ጊዜ የነገሠውን እንዴት አይፈሩት?

ከዳጋ አጠገብ ደቅ ደሴት ጋር የተያያዘችው ናርጋ ሥላሴ የሴቶቹን ማዕረግ እንዳስብ ታደርገኛለች። ያሠሯት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው፤ በግድግዳዋ ሥዕል ላይም በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ይታያሉ። «እቴጌ» የንጉሠ ነገሥቱ ሚስት ዘውድ ስትደፋ የምትጠራበት ነው፤ ባሏ ካልነገሠ ግን ማዕረጉ አይኖርም። ምንትዋብ የበካፋ ባለቤት ነበሩ፤ ባላቸው ከሞቱ በኋላ በልጃቸው በኢያሱ ዘመን ዘውድ ደፍተው፣ ብርሃን ሞገሳ ተብለው፣ በልጃቸው ስም ሳይሆን ከልጃቸው ጋር ገዙ። ማዕረጉ የሚስት ሆኖ ሥልጣኑ የገዥ ሆነ። ይህ ልዩነት ምን ያህል ክብደት እንደነበረው የሚታየው ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ነው፤ ዘውዲቱ ምኒልክ በ1909 ዓ.ም. ሲነግሡ እቴጌ አልተባሉም። የተቀመጡበት ዙፋን በባል በኩል የመጣ ስላልሆነ «ንግሥተ ነገሥታት» ተባሉ። አንዳንድ ጊዜ ጣይቱንም ዘውዲቱንም «ንግሥት» ብለው የሚያልፉ ጽሑፎችን ሳነብ ይከፋኛል፤ ሁለቱ ሴቶች ወደ ዙፋኑ የቀረቡበት መንገድ የተለያየ ነውና።

ሕዝቡ ይህን ማዕረግ እንዴት እንደተጠቀመበት መርሳት አይገባም። ሰው በጎረቤቱ ላይ ክስ ሲኖረው «በጃንሆይ አምላክ!» ብሎ ያስቆመዋል፤ የተጠራበት ሰው አንድ እርምጃ ቢራመድ ጥፋቱ በጎረቤቱ ላይ ብቻ ሳይሆን በዙፋኑ ላይ ይሆናል። «ምኒልክ ይሙት»፣ «ኃይለ ሥላሴ ይሙት» እየተባለም ይማል ነበር። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ተረት ደግሞ ከሳሽም ተከሳሽም በስሙ የሚቆሙለት እርሱ ራሱ ከችሎት በላይ መሆኑን ያስረዳል። ይህን ሁሉ ያህል ከፍ ያለ ስም ግን እናቶች ሳይፈሩ ወደ ጎጆአቸው አስገብተውታል፤ ንጉሤ፣ ነጋሽ፣ ነገሠ፣ መንገሻ፣ ንግሥት፣ ዘውዱ፣ ዘውዴ የሚባሉ ልጆች የሌሉበት ሠፈር በከተማችን አይገኝም። በቤተ ክርስቲያንም ተክሊል የሚፈጽሙ ሙሽሮች አክሊል ይደፋሉ። ከሁሉም የሚያስገርመኝ ደግሞ ዛሬ አገሪቱን የሚያስተዳድረውን አካል የምንጠራበት «መንግሥት» የሚለው ቃል ነው፤ ዘውዱ ከተሻረ በኋላ ከወጡት ሕጎች ሁሉ የበላይ የሆነው ሕግ እንኳ «ሕገ መንግሥት» ይባላል።

ወደ ማዕረጉ ታሪክ ልመለስ። በዘመነ መሳፍንት ከጣና በስተሰሜን ጎንደር ላይ ንጉሠ ነገሥት ነበረ፣ ኃይሉ ግን ከእርሱ ዘንድ አልነበረም። ራስ ሚካኤል ስሑል ኢዮአስን ካስገደሉበት ከ1761 ዓ.ም. ጀምሮ ንጉሥ ማንገሥና መሻር የባለ ጦሩ ራስ ሥራ ሆነ። ከዚያ በኋላ የየጁ ራሶች በደብረ ታቦር ተቀምጠው አገር ሲገዙ፣ አንዱም ቢሆን «ንጉሠ ነገሥት ነኝ» አላለም። ይህ የሚናቅ ጥንቃቄ አይደለም። ጦር ያለው ሰው ጦር የሌለውን ንጉሥ ሊያሥረው፣ ሊያስርበው፣ ሊለውጠው ይችላል፤ በቦታው ተቀምጦ ዘውዱን ሊደፋ ግን አልደፈረም፤ ከሰሎሞን ዘር ነኝ ማለት አይችልምና። ባዶ ሆኖም ቢሆን ማዕረጉ ድንበሩን ጠብቆ ቆየ። ያንን ድንበር የጣሱት በቋራ ያደጉት ካሣ ናቸው። በ1845 ዓ.ም. በጎጃም አይሻል ላይ ራስ ዐሊን ድል ካደረጉ በኋላ፣ በ1847 ዓ.ም. የካቲት በደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ኃይልና ማዕረግ ከረጅም ዘመን በኋላ በአንድ ሰው እጅ ተገናኙ።

ቴዎድሮስ ግን ከሥራቸው ሌላ ንጉሥ እንዲኖር አልፈቀዱም። ሸዋን የገዙት ሣህለ ሥላሴ ከአባቶቻቸው «መርዕድ አዝማች» ከሚለው ማዕረግ ወጥተው ራሳቸውን ንጉሥ ብለው ነበር፤ ልጃቸው ኃይለ መለኮትም በዚሁ ስም ወረሱ። ቴዎድሮስ ሸዋን ሲይዙ ለሾሙት ሰው መርዕድ አዝማችነትን ብቻ መለሱለት። በአንድ ቃል ብቻ ሸዋ ከመንግሥትነት ወደ ግዛትነት ወረደች።

ዐፄ ዮሐንስ የመረጡት መንገድ ሌላ ነበር፤ ማዕረጉን እንደ ስሙ ያደረጉት እርሳቸው ናቸው ብዬ አምናለሁ። ምኒልክ ከመቅደላ ካመለጡ ጀምሮ ራሳቸውን ንጉሠ ነገሥት ሲሉ ከርመው ነበር። በ1870 ዓ.ም. ልቼ ላይ የመገዛት ምልክት የሆነውን ድንጋይ ተሸክመው ገቡ፤ ንጉሠ ነገሥትነቱን ተዉ፤ ዮሐንስ ግን ባዶ እጃቸውን አልሰደዷቸውም፤ የሸዋ ንጉሥነታቸውን አጽንተው ዘውድ ደፉላቸው። በዚያ ቀን ሁለቱም አንድ ነገር አገኙ። ምኒልክ የአያታቸው የሣህለ ሥላሴ ስም ከላይ በመጣ ፈቃድ ተረጋገጠላቸው፤ ዮሐንስም በእውነት የሚታዘዛቸው ንጉሥ ኖራቸው። ንጉሥ የሌለው ንጉሠ ነገሥት ከሌሎቹ ትልቅ ገዥ ነው እንጂ ከዚያ አይበልጥም።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1873 ዓ.ም. ጥር፣ ዮሐንስ የጎጃሙን ራስ አዳል ተሰማን ተክለ ሃይማኖት ብለው አነገሡ። ማዕረጋቸው «ንጉሠ ጎጃም ወከፋ» ነበር። በዚህች «ወከፋ» በምትባለው ቃል ላይ ብዙ ጊዜ ቆሜ አስባለሁ። ከፋ የራሷ ንጉሥ፣ «ታቶ» የሚባል፣ የነበራት አገር ናት፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትም በዚያን ጊዜ አልያዟትም። የዒዛና ጽሑፍ ከቀይ ባሕር ማዶ ያሉትን አገሮች እንደጠራ ሁሉ፣ ይህም ማዕረግ ገና ያልተያዘውን ምድር ጠራ። ልዩነቱ ይህኛው ጥሪ ሌላ ተፎካካሪ ንጉሥ ያለበት መሆኑ ነው፤ የሸዋው ምኒልክም ከዓባይ በስተደቡብ ያለውን ወርቅ፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስና ቡና የሚያመጣውን ምድር ይፈልጉት ነበር። በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ ሁለቱ ነገሥታት ተዋጉ፤ ተክለ ሃይማኖት ቆስለው ተማረኩ።

የቀጠለው የማዕረጉ እውነተኛ ትርጉም የታየበት ነው። ዮሐንስ ድል ያደረጉትንም ድል የሆኑትንም ቀጡ፤ ከምኒልክ ወሎን፣ ከተክለ ሃይማኖት ከጣና በስተደቡብ ምዕራብ ያለውን አገው ምድርን ወሰዱ፤ አገው ምድርን ለራስ አሉላ ሰጡ። ሁለት ንጉሦች ያለ ንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ ሲዋጉ ጥፋቱ የሁለቱም ሆነ። ዘውዳቸው ግን አልተነካም፤ ሁለቱም ንጉሥ እንደሆኑ ቀሩ። መሬት ተወስዶ ማዕረግ ሲቀር ማየት፣ ማዕረጉ ከመሬት የተለየ ነገር መሆኑን ያሳያል። የአሁኑ አንባቢ ይህን ሁሉ «ራስ አዳልና ምኒልክ ተዋጉ» ብሎ ቢያነበው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ለምን ጣልቃ ገቡ፣ በምን መብትስ ቀጡ የሚለው ፈጽሞ አይገባውም።

የጎጃም ንጉሥነት ዋጋውም ከባድ ነበር። በ1880 ዓ.ም. ጥር የሱዳን መሐዲ ተከታዮች የሆኑት ደርቡሾች ሲመጡ፣ በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ድንበር የሚጠብቁት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ፤ በደንቢያ፣ ከጣና ሰሜናዊ ዳርቻ ብዙ በማይርቀው ሳር ውሃ ላይ ድል ሆኑ፤ ልጆቻቸው ተማረኩ፤ ጎንደርም ተቃጠለች። በዓመቱ ደግሞ ዮሐንስ ተክለ ሃይማኖት ከምኒልክ ጋር አሢረዋል ብለው ጠርጥረው ወደ ጎጃም ዘመቱ፤ አገሩ ክፉኛ ተጎዳ። የጎጃም ሽማግሌዎች «ንጉሡ» ሲሉ በድምፃቸው ውስጥ ክብርና ሐዘን አብሮ የሚሰማኝ ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል። ይሁን እንጂ ተክለ ሃይማኖት በ1888 ዓ.ም. ሠራዊታቸውን ይዘው ዐድዋ ዘመቱ፤ አንድ ጊዜ የማረኳቸው ምኒልክ አሁን ንጉሠ ነገሥት፣ እርሳቸው ንጉሥ ሆነው በአንድ ወገን ቆሙ። እንደ ስሙ የቆመ ንጉሠ ነገሥትነት ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በዚያ ሜዳ ላይ ነው እላለሁ።

ተክለ ሃይማኖት በ1893 ዓ.ም. ሲያርፉ ምኒልክ ለጎጃም ሌላ ንጉሥ አላነገሡም። የንጉሡ ልጅ ራስ ኃይሉ በኋላ ጎጃምን ለብዙ ዓመታት ገዙ፤ የአባታቸውን ዘውድ ግን አልደፉም። በደቡብም ያው ሆነ። የወላይታው ካዎ ጦና በ1887 ዓ.ም. ድል ሆኑ፤ የከፋው ታቶ ጋኪ ሸሮቾ በ1890 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ተያዙ፤ ቀድመው የገበሩት የጅማው ሞቲ አባ ጅፋር ግን በአገራቸው ጸኑ። ታቶ፣ ካዎ፣ ሞቲ፣ ሱልጣን የተባሉት ሁሉ በየቋንቋቸው ንጉሥ ማለት ነበሩ፤ በአማርኛ በተጻፉት ብዙ የታሪክ መጻሕፍት ግን «ባላባት» ሆነው ይገኛሉ። ይህ ያሳዝነኛል፤ የሚያሳዝነኝም ለእነርሱ ብቻ አይደለም። ሌላውን ባላባት ባልን ቁጥር የእኛ «ንጉሠ ነገሥት» ባዶ እየሆነ ይሄዳል፤ ነገሥታትን ያስገበረ ንጉሠ ነገሥት እንጂ ባላባቶችን ያስገበረ ንጉሠ ነገሥት የለም።

ምኒልክን የተኩት ልጅ ኢያሱ ቅብዐ መንግሥት ሳይቀቡ፣ ዘውድም ሳይደፉ ገዙ፤ እስከ ዛሬም «ልጅ» ተብለው ይጠራሉ። እርሳቸው ግን በ1906 ዓ.ም. ግንቦት አባታቸውን ራስ ሚካኤልን የወሎና የትግራይ ንጉሥ አድርገው አነገሡ። ያልነገሠ ሰው ሌላውን ሲያነግሥ የቀድሞው ሥርዓት ምን ያህል እንደላላ ይታያል። ከሁለት ዓመት ከጥቂት ወራት በኋላ ኢያሱ ከሥልጣን ወረዱ፤ ንጉሥ ሚካኤልም በሰገሌ ድል ሆነው ተማረኩ።

ከዚያ በኋላ በ1921 ዓ.ም. መስከረም የመጣው የተፈሪ መኰንን ንጉሥነት ነው፤ ይህ በማዕረጉ ታሪክ ውስጥ ያለ ቀዳሚ የሆነ ነገር ነበር። ተክለ ሃይማኖት የጎጃም፣ ምኒልክ የሸዋ፣ ሚካኤል የወሎ ነበሩ፤ ተፈሪ ግን «ንጉሥ» ብቻ ተባሉ። በዘውዲቱ መናገሻ በአዲስ አበባ ተቀምጠው፣ የራሳቸው የተለየ ምድር ሳይኖራቸው ነገሡ። በእኔ አስተያየት ማዕረጉ የተለወጠው ያን ቀን ነው፤ ንጉሥነት ከአገር ተነቅሎ ወደ ሰው ተዛወረ። ብዙ መኳንንት አልተዋጠላቸውም። የዘውዲቱ የቀድሞ ባል፣ የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ፣ በ1922 ዓ.ም. መጋቢት አንቺም ላይ ከማዕከላዊ መንግሥት ጦር ጋር ተዋግተው ሞቱ፤ በዚያ ውጊያ አውሮፕላንም ተሰልፎ ነበር። ዘውዲቱም በሁለተኛው ቀን ዐረፉ፤ ተፈሪም ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆነው ዘውድ ደፉ፤ ስማቸውም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሆነ። ከዚያ ወዲህ አንድም ሰው በኢትዮጵያ «ንጉሥ» ተብሎ አልተቀባም። ነገሥታት የሌሉት ንጉሠ ነገሥት ከአርባ ዓመታት በላይ ገዛ።

በመካከሉ ማዕረጉ ተሰርቆም ነበር። በ1928 ዓ.ም. ግንቦት የኢጣሊያው ንጉሥ ቪክቶር ኢማኑኤል ሦስተኛ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ተብለው በሮም ታወጁ። አገሩን ሳያዩ፣ ሳይቀቡ፣ ማንም ሳይገብርላቸው። በዚያ ጊዜ በጎጃም በረሃ የተዋጉት በላይ ዘለቀ ደግሞ ለተከታዮቻቸው ደጃዝማችነትንና ፊታውራሪነትን ይሰጡ ነበር ይባላል፤ «እርስዎስ ማን ይባሉ?» ተብለው ሲጠየቁ፣ «እናቴ በላይ ብላኛለች፤ ይበቃኛል» አሉ እየተባለ በጎጃም ይነገራል። ዛሬ በባሕር ዳር የዐፄ ቴዎድሮስ፣ የዳግማዊ ምኒልክና የበላይ ዘለቀ ክፍለ ከተሞች ጎን ለጎን አሉ፤ አንደኛው ስም «ዐፄ»ን ሲይዝ ሌላው «ዳግማዊ»ን፣ ሦስተኛው ግን ያለ ማዕረግ ቀርቷል፤ እርሱም ጎደሎ ሆኖ አይሰማም።

ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሲያወርድ ዘውዱን ወዲያው አልሻረም። አልጋ ወራሹን መርዕድ አዝማች አስፋ ወሰንን በማዕረግ ብቻ የሚቀመጥ፣ በአስተዳደርና በፖለቲካ ሥልጣን የሌለው ርእሰ ብሔር እንዲሆኑ ጠራቸው። በአዋጁ የተሰጣቸው ስም «ንጉሥ» የሚለው ነበር፤ «ንጉሠ ነገሥት» አልተባሉም። ያን የጻፉት መኮንኖች ስለ ልቼና ስለ እምባቦ አስበው ይሆን ይሆናል፣ ላይሆን ይችላል፤ ሆኖም ቃሉ ዝቅ ሊያደርግ እንደሚችል ያውቁ ነበር። አልጋ ወራሹ በውጭ አገር በሕክምና ላይ ነበሩ፤ አልተመለሱም፤ በመጋቢት ደርግ ዘውዱንና የዘውድ ማዕረጎችን ሁሉ ሻረ። በ1981 ዓ.ም. አስፋ ወሰን ለንደን ውስጥ ቀዳማዊ ዐምኃ ሥላሴ ተብለው ንጉሠ ነገሥትነታቸውን አስታወቁ። ቴዎድሮስ ለሸዋ ገዥ የመለሱትን መርዕድ አዝማችነት ከአባታቸው ተቀብለው፣ ንጉሥነትን ከወታደሮች እጅ ተሰጥተው፣ ንጉሠ ነገሥትነትን በስደት ራሳቸው ይዘው፣ ቅብዐ መንግሥት ሳይቀቡና ዘውድ ሳይደፉ በ1989 ዓ.ም. ዐረፉ፤ የተቀበሩትም አዲስ አበባ በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው።